የኢ.ኤም.ቲ ሥልጠና መግቢያ መስፈርቶች፦ ኮሙኒቲ ኮሌጅ፣ የግል ፈጣን ኮርስ ወይስ የበጎ ፈቃድ ጣቢያ?

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖሩ ወገኖቻችን ወደ ጤናው ዘርፍ ለመግባት ሲያስቡ በብዛት ከሚጠይቋቸው ሥልጠናዎች አንዱ በአምቡላንስ ላይ የሚያሠራው የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሺያን፣ በተለምዶ ኢ.ኤም.ቲ የሚባለው ነው። «ለመግባት ምን ያስፈልጋል?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከሰው ሰው የሚለያየው መስፈርት የሚያወጡት አካላት አራት በመሆናቸው ነው፤ እነርሱም ስቴቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የተግባር ልምምዱ የሚካሄድበት ሆስፒታል ወይም አምቡላንስ፣ በመጨረሻም ቀጣሪው ናቸው። የአንዱን መስፈርት ያሟላ ሰው በሚቀጥለው ላይ ሊቆም ይችላል። አብዛኛው አመልካች ግን ኮርሶችን የሚያወዳድረው የትምህርት ቤቱን የመመዝገቢያ ቅጽ ብቻ አይቶ ስለሆነ፣ ቅጹ ያጠረውን ኮርስ ቀላል ነው ብሎ ይወስደዋል። በእኔ እምነት ንጽጽሩ መጀመር ያለበት ከመጨረሻው ነው፦ አመልካቹ የት መሥራት እንደሚፈልግ ከወሰነ በኋላ ቀጣሪው፣ ሆስፒታሉና ስቴቱ የሚጠይቁትን አስቀድሞ አውቆ፣ ወደዚያ የሚያደርሰውን ኮርስ መምረጥ ይኖርበታል።

ስለ ሙያው አደረጃጀት ጥቂት ማወቅ ምርጫውን ያቀላል። በአሜሪካ የአምቡላንስ ሕክምና ወጥ መልክ መያዝ የጀመረው በ1966 የአገሪቱ የሳይንስ አካዳሚ በመኪና አደጋና በመሳሰሉት ጉዳቶች የሚሞተው ሕዝብ ብዛትና በቦታው የሚሰጠው እርዳታ ደካማነት ምን ያህል እንደነበረ የሚያሳይ ሪፖርት ካወጣና በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ደኅንነት ሕግ ከጸደቀ በኋላ ነው። የሥልጠናው አገር አቀፍ መመዘኛ እስከ ዛሬ በአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ሥር የሚገኘውም በዚህ ታሪክ ምክንያት ነው። ቨርጂኒያንና ሜሪላንድን ጨምሮ አብዛኞቹ ስቴቶች የሚቀበሉትን ፈተና የሚያዘጋጀው ናሽናል ሬጂስትሪ በ1970 የተቋቋመ ሲሆን፣ መቀመጫው በኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ ነው። ሙያው አራት ደረጃዎች አሉት። የመጀመሪያው፣ ኢ.ኤም.አር የሚባለው፣ ከ50 እስከ 60 ሰዓት ገደማ የሚወስድና በዋናነት ፖሊሶችንና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን የሚመለከት ስለሆነ ብቻውን የአምቡላንስ ሥራ አያስገኝም ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ኢ.ኤም.ቲ ነው፤ እንደ ስቴቱ ከ150 እስከ 200 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሦስተኛው አድቫንስድ ኢ.ኤም.ቲ፣ አራተኛው ደግሞ ከ1,000 ሰዓት በላይ የሚጠይቀው ፓራሜዲክ ሲሆን፣ ሁለቱም የሚጀመሩት ኢ.ኤም.ቲ ከሆኑ በኋላ ነው። ስለዚህ ከውጭ ለሚመጣ ሰው ትክክለኛው መግቢያ ኢ.ኤም.ቲ ነውና ከዚህ በታች የሚነጻጸሩት ወደዚህ ደረጃ የሚያደርሱት መንገዶች ናቸው።

ስቴቱ የሚጠይቀው

በዕድሜ በኩል በቨርጂኒያ ኮርሱ በሚጀመርበት ቀን 16 ዓመት መሙላት በቂ ነው፤ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተማሪ የወላጅ የፈቃድ ፊርማ ያቀርባል። ሜሪላንድም 16 ዓመትን ትቀበላለች። ኒውዮርክ 17፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ 18 ዓመት ስለሚጠይቁ ከስቴት ወደ ስቴት የሚዛወር ቤተሰብ ይህን ልብ ማለት አለበት። ልጃቸው ሐኪም የመሆን ሐሳብ ያላት ወላጆች በአሥራ አንደኛና በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለች ይህን ሥልጠና እንድትወስድ ቢያበረታቷት ጥሩ ነው፤ የሕክምና ትምህርት ቤቶች አመልካቹ ከሕሙማን ጋር በቀጥታ ያሳለፈውን ጊዜ ስለሚመለከቱ፣ በአምቡላንስ የሚገኘው ልምድ በጣም ይጠቅማታል።

የቨርጂኒያ ደንብ ተማሪው እንግሊዝኛ በደንብ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር እንዲችል በግልጽ ያስገድዳል፤ ነገር ግን የቋንቋ ፈተና የምስክር ወረቀት አምጣ አይልም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይዘናጋል። ወረቀት ስላልተጠየቀ መስፈርቱ የሌለ ይመስላል፤ ክፍሉ ከተጀመረ በኋላ ግን በሳምንት ብዙ ምዕራፍ ማንበብ፣ በፍጥነትና በአሕጽሮት የሚነገር የሬዲዮ መልእክት መስማት፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሕመምተኛን ሁኔታ አጠር አድርጎ ለነርስ ማስረዳትና ሪፖርት መጻፍ ይመጣል። የናሽናል ሬጂስትሪ ፈተናም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ጥያቄዎቹ በአብዛኛው አጭር ታሪክ ነግረው «በመጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» የሚሉ በመሆናቸው ከቃላት ሽምደዳ ይልቅ ዓረፍተ ነገሩን በትክክል መረዳትን ይጠይቃሉ። እንግሊዝኛው ገና ያልጠነከረ ሰው አንድ ሴሚስተር ኢ.ኤስ.ኤል (እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ የሚሰጥ የቋንቋ ትምህርት) ወይም የሕክምና ቃላት ኮርስ ቢወስድ ጊዜ አባከነ አይባልም፤ ሁለት ጊዜ ከመክፈል ይድናል። በሌላ በኩል አማርኛ፣ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ የሚናገር ኢ.ኤም.ቲ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ አንዲት እናት ደረታቸውን ይዘው «ልቤን ወጋኝ» ሲሉ ሰምቶ ወዲያው መረዳት መቻሉ ማንም ትምህርት ቤት የማይሰጠው ችሎታ ነው።

የሰውነት ብቃትን በሚመለከት በአገሪቱ በሰፊው የሚሠራበት የሥራ መግለጫ ኢ.ኤም.ቲው ብቻውን 125 ፓውንድ፣ ማለትም 57 ኪሎ ግራም ያህል፣ ከባልደረባው ጋር ደግሞ 250 ፓውንድ ማንሳትና መሸከም እንዲችል ይጠብቃል። ቁጥሩ ያስፈራል፤ ይሁን እንጂ ማንሳት በዘዴ የሚሠለጠንበት ስለሆነ ቀጭን ወይም አጭር የሆኑ ሴቶች በዚህ ምክንያት ራሳቸውን ማግለል የለባቸውም። የቆየ የወገብ ሕመም ያለበት ሰው ግን ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሐኪሙን ቢያማክር ይሻላል።

ከሁሉ በፊት በእጅ መገኘት ያለበት የሲ.ፒ.አር፣ ማለትም የቆመን ልብና ትንፋሽ የማነቃቂያ እርዳታ፣ ምስክር ወረቀት ነው። ቨርጂኒያ ኮርሱ በሚጀመርበት ቀን በሥራ ላይ ያለ ሲ.ፒ.አር እንዲኖር ታዛለች። የሚፈለገው ለጤና ባለሙያዎች የሚሰጠው የቢ.ኤል.ኤስ ኮርስ ሲሆን፣ በአሜሪካ የልብ ማኅበር ወይም በአሜሪካ ቀይ መስቀል በኩል ሊወሰድ ይችላል፤ ለሁለት ዓመት ያገለግላል። ለመዋዕለ ሕፃናት ሠራተኞችና ለመሳሰሉት የሚሰጠው ቀለል ያለው ኮርስ ወይም ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ብቻ የሚጠናቀቀው አይቆጠርም። ብዙ ሰው ርካሹን ወስዶ ሁለተኛ ጊዜ ይከፍላልና ከመመዝገብ በፊት ትክክለኛውን የኮርስ ስም ትምህርት ቤቱን ይጠይቁ።

ዲፕሎማን በተመለከተ የሚወራው ከእውነታው ይሰፋል። የ16 ዓመት ልጅ እንዲማር የሚፈቅድ ስቴት የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማን የግድ ሊያደርግ አይችልም፤ ዲፕሎማ ወይም ጂ.ኢ.ዲ የሚባለውን አቻ የምስክር ወረቀት የሚጠይቁት አንዳንድ ትምህርት ቤቶችና ብዙዎቹ ቀጣሪዎች ናቸው። የዚህ ሙያ ታሪክ ራሱ የሚያስተምረን ነገር አለ። በ1967 በፒትስበርግ ከተማ የተመሠረተው ፍሪደም ሀውስ የተባለው የአምቡላንስ አገልግሎት ሒል ዲስትሪክት ከሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ሥራ አጥ ወጣቶችን፣ ከመካከላቸውም ዲፕሎማ ያልነበራቸውን ሳይቀር ተቀብሎ በዶክተር ፒተር ሳፋር መሪነት 300 ሰዓት ያህል አሠልጥኖ፣ በዘመኑ በአገሪቱ የላቀ ሕክምና በመንገድ ላይ ከሚሰጡት ተርታ አሰልፏቸዋል። ትምህርቱ በአገር ቤት የተቋረጠበት ሰው ይህን ቢያስታውስ ደስ ይለኛል።

ከኢትዮጵያ ነርስ፣ ጤና መኮንን ወይም ሐኪም ሆነው የመጡት ደግሞ በተቃራኒው ጥያቄ ይቸገራሉ። የአገር ቤቱ ፈቃድ የኢ.ኤም.ቲውን ኮርስ አይተካም፤ በስቴቱ የጸደቀውን ኮርስ ከመጀመሪያው መውሰድ ያስፈልጋል። ይህ ከባድ መስሎ ቢታይም፣ የነርስነት ወይም የሐኪምነት ፈቃድ እስኪገኝ የሚያልፈውን ረጅም ጊዜ በጤናው ሥራ ውስጥ ሆኖ ለማሳለፍ ከሚያስችሉት አጭር መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። የደም ግፊት መለካትና ቁስል ማሸግ ለእነዚህ ባለሙያዎች አዲስ አይደለም፤ አዲስ የሚሆንባቸው ሐኪም በሌለበት በፕሮቶኮል፣ ማለትም አስቀድሞ በተጻፈ የአሠራር መመሪያ፣ መሥራትና የአሜሪካን የሰነድ አጻጻፍ መልመድ ነው።

ሦስቱ መንገዶች

የኮሙኒቲ ኮሌጁ መንገድ የመግቢያ ወረቀቱ ይበዛል፣ ቆይታው ይረዝማል፤ በአንጻሩ ድጋፉ የተሻለ ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሙኒቲ ኮሌጅ የጤና ትምህርቶች በስፕሪንግፊልድ በሚገኘው የሕክምና ትምህርት ካምፓስ ይሰጣሉ። በቨርጂኒያ የኮሙኒቲ ኮሌጆች ሥርዓት የኢ.ኤም.ቲ ትምህርት ኢ.ኤም.ኤስ 111 በሚባለው የ7 ክሬዲት ኮርስና 120 በሚባለው የ1 ክሬዲት የተግባር ልምምድ ተከፍሎ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሴሚስተር ይጠናቀቃል። ከመመዝገብ በፊት የኮሌጅ ማመልከቻ፣ የነዋሪነት ማረጋገጫ፣ አንዳንዴም የእንግሊዝኛ ምደባ ፈተና አለ። ነዋሪነቱ በዋጋው ላይ ትልቅ ልዩነት ያመጣል፦ በቨርጂኒያ የነዋሪ ክፍያ ለማግኘት በመሠረቱ አንድ ዓመት በስቴቱ መኖርን ማሳየት ሲያስፈልግ፣ በሜሪላንድ ኮሙኒቲ ኮሌጆች ሦስት ወር ይበቃል፤ ነዋሪ ያልሆነ ተማሪ የሚከፍለው ከነዋሪው እጥፍ በላይ ይሆናል። በቅርቡ በዲቪ የገባና የትኛው ስቴት እንደሚሰፍር ገና ያልወሰነ ሰው ይህን በስሌቱ ውስጥ ቢያስገባ ብዙ ይቆጥባል። ግሪን ካርድ ያላቸው፣ ጥገኝነት የተፈቀደላቸውና በስደተኝነት የገቡ ሰዎች ለፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከት ይችላሉ፤ በቨርጂኒያ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ጂ 3 የተባለው ፕሮግራም ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ የሆኑ ነዋሪዎች ጤናንና የሕዝብ ደኅንነትን ጨምሮ በተመረጡ ዘርፎች ሲማሩ የትምህርት ክፍያቸውን ይሸፍናል። ኢ.ኤም.ቲው በሚፈልጉት ኮሌጅ በዚህ ፕሮግራም መካተቱን ከእርዳታ ቢሮው በጽሑፍ ያረጋግጡ። ሌላው ጥቅም ክሬዲቱ የማይጠፋ መሆኑ ነው፤ ተማሪው በኋላ ፓራሜዲክ ወይም ነርስ መሆን ቢፈልግ በዚያው ኮሌጅ ይቀጥላል።

የግል ፈጣን ኮርሶች በመግቢያ በኩል በጣም የቀለሉ ናቸው። ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል፣ የምደባ ፈተና የለም፣ የነዋሪነት ጥያቄ አይነሳም፤ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይጠናቀቃል ተብሎ ይተዋወቃል። ክፍያው ግን በአብዛኛው በአንድ ጊዜ የሚከፈል ነው፣ የፌዴራል እርዳታ ብዙውን ጊዜ አይገባበትም፣ ካቋረጡም ተመላሹ ጥቂት ነው። አንድ ሴሚስተር የሚወስደው ትምህርት በአንድ ወር ሲታጨቅ በቀን ስምንት ሰዓት ክፍል፣ ማታ ደግሞ ሦስትና አራት ሰዓት ንባብ ማለት ነው። በሳምንት አርባ ሰዓት ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ፣ ወይም በሌሊት ፈረቃ በአረጋውያን መጦሪያ የሚሠራ ሰው ይህን ከሥራው ጋር ሊያስኬደው አይችልም። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ተማሪ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፣ ምክንያቱም አዲስ ቃል በአእምሮ ለመቀመጥ ጊዜ ይፈልጋል። እነዚህ ኮርሶች መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ በዩኒቨርሲቲ ያለች፣ የበጋ ዕረፍቷን ሙሉ ነጻ ያደረገችና እዚሁ ያደገች ተማሪ በደንብ ትጠቀምባቸዋለች። ሌላው ግን ቅጹ ስላጠረ ብቻ መምረጥ የለበትም።

ከእነዚህ መካከል ንድፈ ሐሳቡን በኢንተርኔት የሚሰጡትን በተመለከተ ሁለት ነገሮች መጣራት አለባቸው። የመጀመሪያው ኮርሱ እርስዎ ፈቃድ በሚያወጡበት ስቴት የጸደቀ መሆኑ ነው፤ በሌላ ስቴት የጸደቀ ኮርስ ተጨማሪ ወረቀትና ጊዜ ሊያስከትል ይችላል። ሁለተኛው የተግባር ልምምዱን ቦታ የሚያገኘው ማን እንደሆነ ነው። በቨርጂኒያም ሆነ በካሊፎርኒያ ተማሪው ቢያንስ ከ10 እውነተኛ ሕሙማን ጋር መሥራት አለበት፤ ይህ በኮምፒውተር አይሆንም። ቦታውን ተማሪው ራሱ እንዲፈልግ የሚተው ትምህርት ቤት ካጋጠመዎት ይህን እንደ ትልቅ ጉድለት ይቁጠሩት፤ ሆስፒታሎች ከትምህርት ቤት ጋር ውል ሳይኖራቸው በግል የሚመጣን ተማሪ አይቀበሉምና።

ሦስተኛው መንገድ ከማኅበረሰባችን ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔም ከሁሉ አብልጬ የምወደው፣ በበጎ ፈቃድ የእሳት አደጋና የነፍስ አድን ጣቢያ በኩል የሚገኘው ነው። በአገር ቤት የእሳት አደጋ መከላከል የመንግሥት ቅጥር ሥራ ስለሆነ፣ ጎረቤት የሚኖር መምህር ወይም የባንክ ሠራተኛ ማታ ማታ አምቡላንስ ላይ ወጥቶ በነጻ ያገለግላል ብሎ የሚገምት ጥቂት ነው። በዚህ አካባቢ ግን ልማዱ ሥር የሰደደ ነው፤ በአገሪቱ የመጀመሪያ የሚባለው ራሱን የቻለ የበጎ ፈቃድ የነፍስ አድን ቡድን የተቋቋመው በ1928 በቨርጂኒያ፣ ሮአኖክ ከተማ ሲሆን፣ በሜሪላንድ ደግሞ የቤተስዳ ቼቪ ቼስ ነፍስ አድን ጓድ ከ1930ዎቹ ጀምሮ እየሠራ ነው። በሞንትጎመሪ፣ በፕሪንስ ጆርጅስና በፌርፋክስ ካውንቲዎች በጎ ፈቃደኞችን የሚቀበሉ ጣቢያዎች አሉ። የሜሪላንድ ጣቢያ አባል የሆነ ሰው በኮሌጅ ፓርክ፣ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የእሳትና ነፍስ አድን ተቋም የሚሰጠውን የኢ.ኤም.ቲ ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ ይወስዳል።

ክፍያ የለም ማለት መግቢያው ቀላል ነው ማለት አይደለም። ከሦስቱ መንገዶች ጥብቅ መግቢያ ያለው ይህ ነው፤ ልዩነቱ መስፈርቱ በገንዘብ ፈንታ በጊዜና በጠባይ መለካቱ ነው። ማመልከቻ ይሞላል፣ ቃለ መጠይቅ ይደረጋል፣ የወንጀል መዝገብና የጤና ምርመራ ይከተላል፣ ከዚያ በኋላ አባልነቱ በአባላት ስብሰባ ወይም በኃላፊዎች ይጸድቃል፤ ይህ ሁሉ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ብዙዎቹ ጣቢያዎች በሳምንት አንድ የሌሊት ተራ ይጠይቃሉ፣ ከሥልጠናው በኋላም ለተወሰነ ጊዜ እንዲያገለግሉ ይጠብቃሉ። የመኖሪያ ፈቃድን ዓይነት በተመለከተ ጣቢያዎቹ አንድ ዓይነት መስፈርት ስለሌላቸው ያለዎትን ሰነድ ጠቅሰው በቅድሚያ ይጠይቁ። በዚህ መንገድ ያለፈ ተማሪ ፈተናውን ከመቀመጡ በፊት ብዙ ጥሪ ላይ ወጥቶ፣ ከአሠልጣኞቹ ጋር አብሮ በልቶ፣ የሬዲዮውን እንግሊዝኛ ጆሮው ለምዶት ይገኛል። ለቋንቋም ሆነ ለሙያ ከዚህ የተሻለ ክፍል አላውቅም።

ከሦስቱ ውጭ አንዳንድ የግል አምቡላንስ ድርጅቶች አመልካቹን ቀጥረው በደመወዝ ያሠለጥናሉ። ጥሩ ዕድል ነው፤ ሆኖም ከመፈረም በፊት ስንት ወር ለማገልገል እንደሚገደዱና ቀድመው ቢለቁ የሚመልሱት ገንዘብ እንዳለ ውሉን ማንበብ ያስፈልጋል።

በሆስፒታሉ በር ላይ የሚጠየቀው

በየትኛውም መንገድ ቢገቡ የተግባር ልምምዱ ሲደርስ የክትባት ማስረጃ፣ የቲቢ ምርመራ፣ የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራና የወንጀል መዝገብ ማጣሪያ ይመጣል። ብዙ የእኛ ሰዎች የሚዘገዩት እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ መመልከት ይገባል።

የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በተለመደው መርሐ ግብር በሦስት ጊዜ፣ በስድስት ወር ውስጥ ይሰጣል። በኢትዮጵያ ይህ ክትባት በመደበኛው የሕፃናት መርሐ ግብር የገባው በ2007 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው በልጅነቱ አልተከተበም ብሎ ቢነሣ ይሻላል። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በላይ ለሆኑ በአንድ ወር ልዩነት በሁለት ጊዜ የሚያልቅ ዓይነትም በአሜሪካ ከ2017 ጀምሮ ተፈቅዷል፤ ኮርሱ ከተቃረበ ሐኪምዎን ስለዚህ ይጠይቁ። በዲቪ ወይም በቤተሰብ ቪዛ የመጡ ሰዎች አዲስ አበባ በኤምባሲው የሕክምና ምርመራ ጊዜ የተሰጣቸው የክትባት ቅጽ፣ ዲ.ኤስ 3025 የሚባለው፣ የኩፍኝን፣ የጆሮ ደግፍንና የሌሎችንም ክትባት ማስረጃ ስለሚይዝ ኮፒው በእጃቸው ካለ አይጣሉት። ወረቀቱ ከጠፋ መከላከያ መኖሩን የሚያሳይ የደም ምርመራ ይበቃል። ቀጣሪዎች ከደም ጋር ለሚገናኝ ሠራተኛ የሄፓታይተስ ቢን ክትባት በነጻ እንዲያቀርቡ የፌዴራል ደንብ ከ1991 ጀምሮ ያስገድዳቸዋል፤ ተማሪ ግን ሠራተኛ ስላልሆነ ወጪው የራሱ ነው፣ የካውንቲ ጤና ቢሮዎች በርካሽ ይሰጣሉ።

በዚህ ምርመራ ምክንያት ሄፓታይተስ ቢ እንዳለበት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያውቅ ሰው አለ፤ ብዙዎችም ሕልማቸው እንዳበቃ ቆጥረው በዝምታ ይተዉታል። ይህ ስሕተት ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማእከል በ2012 ባወጣው መመሪያ ቫይረሱ መኖሩ ብቻውን ሰውን ከጤና ትምህርትም ሆነ ከሙያው ሊያግድ እንደማይገባ አስቀምጧል። ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ክትትል መጀመርና ውጤቱን ይዞ ከትምህርት ቤቱ ጋር መነጋገር ተገቢው እርምጃ ነው።

ቲቢን በተመለከተ እኛ በሕፃንነታችን ቢ.ሲ.ጂ የተከተብን ሰዎች በክንድ ቆዳ ላይ የሚደረገው ምርመራ ሊያብጥብንና የተሳሳተ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። በደም የሚደረገው ምርመራ ግን በቢ.ሲ.ጂ አይዛባምና ከመጀመሪያው እርሱን መጠየቅ ከብዙ ምልልስ ያድናል። የደሙም ምርመራ ቢያገኝበት የደረት ራጅ ይነሣል፤ ያልነቃ ቲቢ ወደ ሌላ ሰው የማይተላለፍ በመሆኑ ራጁ ንጹህ የሆነ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ትምህርቱን ይቀጥላል።

የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራን የሚመለከቱ ሁለት ነገሮች በግልጽ መነገር አለባቸው። ማሪዋና በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዋሽንግተን ዲሲ ለአዋቂዎች ቢፈቀድም፣ ሆስፒታሎችና አምቡላንስ ድርጅቶች በምርመራ ካገኙት ሊያሰናብቱ ይችላሉ። ጫት ደግሞ በአገር ቤት የተለመደ ቢሆንም፣ በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር በአሜሪካ ከ1993 ጀምሮ በጥብቅ ከተከለከሉት መደብ ውስጥ ነው፤ በጫት ምክንያት የተመዘገበ ክስ በወንጀል መዝገብ ማጣሪያ ላይ ይወጣል። ያለፈ ክስ ያለበት ሰው ደብቆ ከመጠበቅ ይልቅ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የስቴቱን የድንገተኛ ሕክምና ቢሮ ቢጠይቅ ይሻላል፤ ሁሉም ጥፋት አያግድም፣ መደበቁ ግን በራሱ ምክንያት ይሆናል።

ፈተናውና ቀጣሪው

ኮርሱን የጨረሰ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ የናሽናል ሬጂስትሪን ፈተና ማለፍ አለበት። ፈተናው በኮምፒውተር፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ እንደ ተፈታኙ አመላለስ ከ70 እስከ 120 ጥያቄ ያቀርባል። የወደቀ ሰው ከ15 ቀን በኋላ ይደግማል፤ ሦስቴ ከወደቀ ተጨማሪ ሥልጠና ወስዶ ሌላ ሦስት ዕድል ያገኛል፤ ስድስቱም ካለቁ ኮርሱን ከመጀመሪያው መውሰድ ይጠበቅበታል። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሲመርጡ ከዋጋው በፊት ተማሪዎቹ በመጀመሪያው ሙከራ በመቶ ስንት እንደሚያልፉ ይጠይቁ። በቁጥር የማይመልስ ትምህርት ቤት ካለ ሌላ ይፈልጉ።

ቀጣሪው በዋናነት የሚያየው የመንጃ ፈቃድን ነው። ለኮርሱ የማያስፈልገው መንጃ ፈቃድ ለሥራው የግድ ይሆናል፤ ብዙ ድርጅቶች ያለፉትን ዓመታት የመንዳት መዝገብ ያያሉ፣ አንዳንዶቹም ለኢንሹራንስ ሲሉ 21 ዓመት የሞላው ብቻ እንዲያሽከረክር ይፈቅዳሉ። በታክሲና በኡበር የሚሠሩ ወንድሞችና እኅቶች የፍጥነት ቅጣት ነጥባቸውን አስቀድመው ቢመለከቱ መልካም ነው። ማሽከርከር ለማይፈልግ ወይም መዝገቡ ለሚያግደው ሰው በሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ቴክኒሺያንነት ጥሩ አማራጭ ነው፤ ብዙ ሆስፒታሎች ለዚህ ቦታ ኢ.ኤም.ቲን ይቀበላሉ፣ ለነርስነት ለሚዘጋጅ ሰውም የበለጠ ይቀርበዋል።

ስለ ገቢው በግልጽ መናገር ተገቢ ነው። የፌዴራል የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለ2023 ባወጣው መረጃ የኢ.ኤም.ቲ መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 38,930 ዶላር፣ የፓራሜዲክ ደግሞ 53,180 ዶላር ነበር። በዋሽንግተን ዙሪያ ባለው የቤት ኪራይ በመጀመሪያው ገቢ ብቻ ቤተሰብ ማስተዳደር ይከብዳል። ስለዚህ ኢ.ኤም.ቲን የመጨረሻ ማረፊያ አድርጎ የሚያስብ የቤተሰብ አስተዳዳሪ የካውንቲ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤትን ወይም ፓራሜዲክነትን ከወዲሁ ማቀድ አለበት። ለፓራሜዲክነት ከ2013 ወዲህ በአገር አቀፍ ደረጃ እውቅና ካገኘ ፕሮግራም መመረቅ የፈተናው ቅድመ ሁኔታ ሆኗል፤ ይህም የኮሙኒቲ ኮሌጁን መንገድ የበለጠ ተመራጭ ያደርገዋል።

ለማን የትኛው?

እንግሊዝኛው የጠነከረ፣ ማታና ቅዳሜ ነጻ የሆነ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ከአካባቢው የማይንቀሳቀስ ሰው የበጎ ፈቃድ ጣቢያውን በመጀመሪያ ይሞክር እላለሁ። ከአገር ቤት ከመጣ ሁለትና ሦስት ዓመት የሆነው፣ እየሠራ የሚማርና ወደ ነርስነት ወይም ፓራሜዲክነት የሚያስብ ሰው በማታው የኮሙኒቲ ኮሌጅ ክፍል ቢገባ ይሻለዋል። ሦስት ወር ሙሉ ነጻ ጊዜ ያለው ተማሪ ወይም ቀጣሪ የሚጠብቀው ሰው ፈጣኑን ኮርስ ይውሰድ። በጣቢያውና በኮሌጁ መካከል የሚያመነታ ሰው ለሁለቱም ያመልክት፤ የጣቢያው ማመልከቻ ገንዘብ ስለማይጠይቅ፣ መልሱ እስኪመጣ የኮሌጁን የነዋሪነት ወረቀት ማዘጋጀት ይቻላል።

በየትኛውም ቢወሰን ዝግጅቱን ከኮርሱ መጀመሪያ ስድስት ወር ቀድሞ መጀመር ነው። መጀመሪያ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትና የቲቢ የደም ምርመራ፣ ከዚያ የመንዳትና የወንጀል መዝገብን ራስ ማየት፣ ቀጥሎ የነዋሪነትና የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ ይምጣ፤ የቢ.ኤል.ኤስ ኮርሱ ሁለት ዓመት ስለሚያገለግል በመጨረሻው ወር ቢወሰድ ሥራ ከተጀመረ በኋላም ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል።